ስምዖን ዳኜ ዛሬ የለም

ሰበታ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የምትጽፈው እህትህ ማርያማዊት ናት፤ የምናገረው እኔ አባትህ ዳኜ ነኝ። እስክሪብቶው የእሷ፣ ቃሉ የእኔ ነው። ካለሰለሰችው አውቃለሁ፤ ስጨርስ ታነብልኛለች።

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። በስልክ ንገረኝ ያልከውን ተወው። የፋብሪካው ጡሩምባ ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮዬ ሥር ጮሆ ስልክ የማልሰማ አድርጎኛል፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚጮህልኝን ብቻ ነው የምሰማው። ደግሞም የስልክ ወሬ ማታ ተብሎ ጠዋት አላልኩም ይባላል። ሾፌሩ ወንዲ ከእናንተ ግቢ ውሃ ሊጭን ሱሉልታ ሲወጣ ይህን ያደርስልሃል፤ መልስህንም በእሱ ስደድ።

ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው ላልከኝ፣ ሦስት ናቸው። አንዱ ሀሰኖ ነው፤ ክር ፋብሪካ ሳለን እሱ ውስጥ ማሽን ላይ፣ እኔ በር ላይ አብረን ያረጀን። አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ሦስተኛው የእድራችን ዳኛ ነው። ጥቅምት 24 እሁድ ቡራዩ ይሄዳሉ፣ ከልጅቷ አባት ደጅ ይቆማሉ።

ያላለቀው ያንተ ነገር ነው። የልጅቷ አባት መጀመሪያ ዘር ይቆጥራል፤ እሱን ለሀሰኖ እስከ ሰባት ቤት አስጠንቼዋለሁ። ቀጥሎ ልጁ ምን ሠርቶ ያድራል ይላል። ለዚህ ብለህ የላክኸውን ወረቀት ማርያማዊት ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። «ሲኒየር ቪዚተር ኤክስፒሪያንስ ኤንድ አክሰስ ኦፊሰር።» በአማርኛ ምንድን ነው ብላት «የጎብኚዎች ተሞክሮና የመግቢያ አስተዳደር ከፍተኛ ባለሙያ» አለችኝ። አሁንም በአማርኛ ንገሪኝ አልኳት። ሳቀች። ይህን ስትጽፍም እየሳቀች ነው።

እሷስ ብትሆን። ፉሪ ሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ደረቷ ላይ የለጠፉላት ግን «የደንበኞች ደስታ አጋር» ይላል አሉ። አንድ ቀን ሄጄ ጥግ ይዤ አየኋት። የተደሰተ ደንበኛ አላየሁም። እሷም አልተደሰተችም። የጎረቤታችን የትጊ ባል እንኳ ያ ደላላው «አማካሪ» ሆኗል፤ ድሮ የሚዋሸውን ሰው ዛሬ ያማክረዋል።

እኔ ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ዳኜ ተብዬ ስጠራ ያፈርኩበት ቀን የለም። አንድ ጥቅል ክር ሳይመዘገብ በእኔ በር አልወጣም፤ የሥራ አስኪያጁን መኪና እንኳ ኋላውን አስከፍቼ ፈትሻለሁ። ሰው ምንድን ነህ ሲለኝ አንድ ቃል ትበቃኝ ነበር።

እንግዲህ ይህን መልስልኝ፤ ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ እጅህ የሚነካው ምንድን ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ስሙን እኔ አወጣለታለሁ።

በይ አንብቢልኝ።


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባዬ

ጉዳዩ፦ የሥራ መደቤን ስለማብራራት

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ጉዳዩ ብዬ መጀመሬን እለፈው፤ እጄ ለምዶ ነው። ማሬ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢለት።

የእኔ ሥራ እንደ ድሮው በእጅ የሚነካ አይደለም። ሰው ወደ ድርጅታችን ሲመጣ የሚያድርበትን የመጀመሪያ ስሜት ማስተዳደር ነው። ሲስተም አለው፣ በየሳምንቱ ሪፖርት አለው። ውሃ የሚያሽጉት ውስጥ ናቸው፤ እኔ የምሠራው ከሰው ጋር ነው።

የሄመንን ፎቶ አይተሃል። ከእኛ አጥር ማዶ ባለ ቢሮ የሒሳብ ባለሙያ ናት። አባቷ አቶ ብዙነህ ቡራዩ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቃል ያጣራሉ። አባዬ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ነው የጠበቅኩት። እሷን ካልሰጡኝ ሌላ አላገባም፤ ይህን የምልህ በልጅነት አይደለም፣ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ወረቀቱ ላይ ያለውን ይበሉ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።

ሥራ ቦታውን ሄጄ ልየው ብለሃል አሉ። አትምጣ። ግቢው ያለ ቀጠሮ ሰው አያስገባም፤ ትጉላላለህ።

ልጅህ
ስምዖን ዳኜ
ሲኒየር ቪዚተር ኤክስፒሪያንስ ኤንድ አክሰስ ኦፊሰር


ሰበታ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምትጽፈው ማርያማዊት ናት። ዛሬ አትስቅም።

ምን አሉ ብለህ ወንዲን ሦስት ጊዜ ልከኸዋል። ይኸው ያሉትን።

ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እንደ ወጉ። ዘር ተቆጠረ፣ ነውር አልተገኘም። አቶ ብዙነህ «ልጁስ ምን ይሠራል?» አለ። ሀሰኖ ወረቀቱን አወጣ። ሀሰኖ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እንደ ውሃ የሚጠጣ ሰው ነው፤ ያንን ወረቀት ግን እንደ አጥንት ሲያኝከው ቆየ። ሲጨርስ ግንባሩ አልቦት ነበር። ሰውየው «ይቅርታ ኦቦ ሀሰኖ፣ ምን ይሠራል ነው ያልኩት፤ ምን ይባላል አላልኩም» አለው።

የነፍስ አባቴ «ትልቅ ነገር መሆን አለበት» አሉ። የእድሩ ዳኛ «ኦፊሰር የሚልም አለበት» ብሎ አገዛቸው። ሰውየው ሳቀ። ሦስት የተከበረ ሽበት እንደቆመ ተሳቀበት፣ በአንተ ወረቀት።

ከዚያ ቀጠሮ ሰጠ፤ ኅዳር 29 እሁድ። «ያኔ ልጁ ራሱ ይምጣ፤ በፈለገው ቋንቋ፣ እኔ በሚገባኝ ቃል ይንገረኝ። ሥራ አልንቅም። ላልገባኝ ነገር ግን ልጄን አልድርም» አለ። ሀሰኖ ሰበታ ሲደርስ ቤት ሳይገባ እኔ ዘንድ መጣ። «ኦቦ ዳኜ፣ ሁለተኛ ለማላውቀው ነገር ምስክር አታድርገኝ» ብሎኝ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ወንዲን ጠየቅኩት። በሳምንት አራት ቀን ያን ግቢ ገብቶ የሚወጣ ሰው ነው። «አባ፣ እሱኑ ይጠይቁት» ብሎ መኪናውን አስነሳ።

አትምጣ ያልከኝን ሰምቻለሁ።

አንብቢልኝ ማርያማዊት።


ሰበታ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የሚጽፈው ዕዝራ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሰው ማመልከቻ የሚጽፈው። እህትህ ግማሹን ከሰማች በኋላ እስክሪብቶውን ጥላ ወጣች። ዕዝራ አያለቅስም፤ የሰው ጠብ ሲጽፍ ያረጀ ነው። «ለክቡር» ብዬ ልጀምር አለኝ። ክቡር የለበትም አልኩት።

እውነት አንተ ነበርክ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት፣ አዲሱን ኮቴን ለብሼ። አንተም ታውቃለህ እኔ እንደነበርኩ።

በሩ ላይ የቆመውን ሰው ገና ከአስፋልቱ ነው ያወቅኩት። ክብደቱን በግራ እግሩ ጥሎ፣ ቀኝ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ይቆማል፤ እንደዚያ የሚቆም ዘበኛ ከእኔ ሌላ አላውቅም ነበር። ጠዋት መጀመሪያ እጅህ የሚነካውንም አየሁ። መቀርቀሪያ ነው። ደስ አለኝ፣ እመነኝ። ልጄ በር ይዟል ብዬ እግሬ ፈጠነ።

ከኋላህ ክራባት ያሰረ ሰውና ሁለት ሴቶች ቆመው ነበር። «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ «አንተ» ስትለኝ የኖርክ ልጅ «እርስዎ» አልከኝ። የሰማ ሰው ሥርዓት ያለው ልጅ ይላል። ቀልድ መስሎኝ ስምዖን ዳኜን ነው አልኩህ። «መታወቂያ ይዘዋል?» ሰጠሁህ። አነበብከው። የገዛ አባትህን ስም ከመታወቂያው አይተህ መዝገብ ላይ ጻፍከው። ይፈርሙ አልከኝ፤ ፊደል እንደማልቆጥር እያወቅክ። አልችልም ስልህ አውራ ጣቴን በእስክሪብቶ ቀባህልኝ፣ ጣቴን ይዘህ ወረቀቱ ላይ ጫንከው። እጅህ ይሞቅ ነበር። ከዚያ ቀና ብለህ «ስምዖን ዳኜ ዛሬ የለም» አልከኝ።

ባለ ክራባቱ ማን ናቸው ሲልህ «ተሳስተው ነው» አልክ። አፍህን እያየሁ ስለነበር ይቺን ደህና አድርጌ ሰማኋት።

ለምን አልጮህክም ትለኝ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። ዘበኛ የለም ካለ የለም። ተመለስኩ።

ሥራህን ግን ሳላይ አልሄድኩም፤ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል አየሁህ። ጥሩ አይደለህም። ሁለት አይሱዙ ኋላቸውን ሳታይ አስወጥተሃል። ሰው ሲገባ ፊቱን ታያለህ፤ የሚታየው እጁ ነው። ያደነቅኩልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ስትዋሽ ዓይንህ አይርገበገብም። እኔ አለቃህ ብሆን በሳምንትህ አባርርህ ነበር።

ለማን ነገርክ ላልከኝ፣ እስካሁን ለእህትህና ለዚህ ሰው ነው።

አንብብልኝ ዕዝራ፤ ከራስህ ሳትጨምር።


ሱሉልታ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ጉዳዩ ብዬ አልጀምርም። ይቅር በለኝ። እግርህ ላይ ወድቄ ነው የምለምንህ።

ባለ ክራባቱ አዲሱ የሰው ኃይል ኃላፊ ነው። ከመጣ ጀምሮ በር ላይ ዘመድ የሚያቆም ለዕድገት አይታጭም ብሎናል። ከሴቶቹ አንዷ ደግሞ የሄመን ጓደኛ ናት፤ ለእነሱ እኔ የበሩን ልጆች የምቆጣጠር ነኝ። አንተን በዚያ ኮት ሳይህ እጄ ወደ መዝገቡ ሄደ። አፌ ምን እንዳለ የሰማሁት አንተ ዞረህ ስትሄድ ነው። ልሮጥ አሰብኩ። በሩን ትቼ መሄድ አልችልም። ይህን ከማንም ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ኅዳር 29 ግን ምንም አትበል። ዘበኛ የሚለው ቃል እዚያ ቤት ከገባ እኔ ቆሜ አልወጣም። በአንተ ጊዜ ዘበኛ ይፈራ ነበር። ዛሬ ስሙን ማንም የማይጠይቀው ሰው ማለት ነው። አምስት ዓመት በር የምከፍትላቸው ሰዎች ስሜን አያውቁም፤ ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ግን ያነቡና «ሰላም ኦፊሰር» ይሉኛል። ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳኝ እሱ ነው። አትሳቅብኝ።

ጥር ላይ ቡድን መሪ ያደርጉኛል። ያኔ ሁሉንም ራሴ እነግራታለሁ።

ስምዖን


ሰበታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

የሚጽፈው ዕዝራ ነው።

ይቅርታህን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ጥሞኝ አይደለም፤ «ግን» የምትለዋ የት ጋ እንደገባች ልስማ ብዬ ነው።

አልሳቅኩብህም። ስሜን አያውቁም ያልከውን ሰማሁ። የእኔንም መጀመሪያ አያውቁም ነበር፤ ያሳወቅኳቸው እኔ ነኝ።

ይቅር በለኝ ላልከው አሁን አልመልስልህም። ይልቅ ይህን ስማ። ሀሰኖ አልሄድም ብሎ ነበር፤ ቤቱ ሄጄ ለምኜዋለሁ። ሰው ለምኜ አላውቅም ነበር፣ ይህን ለአንተ አድርጌዋለሁ። ኅዳር 29 እኔም ቡራዩ እመጣለሁ። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ አፌን አልከፍትም። አንተ ትነሳና አንድ ቃል ትላለህ። ዘበኛ ነኝ ትላለህ። ካልክ የሱሉልታው ነገር በእኔና በአንተ መካከል ይቀበራል፣ በዚህ ጉልበቴም ሠርግህ ላይ እጨፍራለሁ። ካላልክ ከእኔ የዝምታ ቃል አትጠብቅ።

ሰውየው ሥራ አልንቅም ብሏል። መንገዱን ጠርጎልሃል፤ የቀረህ መራመድ ነው።

አንብብልኝ። ያቺን «ካላልክ» የምትለዋን ሁለቴ።


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የምትጽፈው ሄመን ብዙነህ ናት። ጽሕፈቷን ታውቀዋለህ፣ ሌላ ምልክት አልሰጥህም።

ዛሬ ቅዳሜ ከቡራዩ ብቻዋን መጣች፤ እኔን ልትጠይቅ። እህትህ በሩን ከፈተችላትና ወደ ጓዳ ገባች። እህትህ እህል ታቀርብልኛለች፣ ቃል አታቀርብልኝም። ዕዝራ ቅዳሜ አይሠራም። ለልጄ የምመልሰው ደብዳቤ አለኝ፣ ትጽፊልኛለሽ ወይ አልኳት። «ወረቀት ካለ» አለችኝ።

የጠየቅኸኝ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ለምን ተናገርክ የሚለው ነው። ኅዳር 29 ቡራዩ አንተም ነበርክ፤ ይሁን እንጂ አፋችሁን እያየሁ ከሰማሁበት ከእኔ ወንበር እንዴት እንደሚታይ ልንገርህ።

ሱፍ ለብሰህ ገባህ። አቶ ብዙነህ «እህ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?» አለህ። ካርድ አወጣህና በሁለት እጅህ ሰጠኸው። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይህን ኦቦ ሀሰኖ አንብቦልኛል» አለህ። ሁለተኛ ጠየቀህ፤ ስለ ስሜትና ስለ ሲስተም አወራህለት። ሦስተኛ ሲጠይቅህ ቀስ ብሎ ነው። «ልጄ፣ እዚህ ቤት የሚበላህ የለም» አለህ። ያኔ እኔን አየኸኝ። ዝም አልኩ፤ ቃሌ ነው። «የመግቢያ አስተዳደር ከፍተኛ ባለሙያ ነኝ» አልክ። ሀሰኖ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ኦቦ ዳኜ፣ እስቲ እርስዎ» አለኝ። ዘበኛ ነው አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። «ልጄ ከነገረችኝ ቆይቷል። ታላቅ ወንድሜም ዘበኛ ነበር። ከአፉ ልስማው ብዬ ነው እንጂ፤ በሉ እርስዎም ካሉ ይበቃኛል።» እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሊነሳ ነበር። ሊስምህ ነበር፣ አይቼዋለሁ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ስለነበር አላየኸውም።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። መታወቂያውን፣ መዝገቡን፣ አውራ ጣቴን፣ የለም ያልከኝን፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ሰውየው ተመልሶ ተቀመጠ። «አባቱን በር ላይ ያላወቀ ልጄን የት ያውቃታል» አለ። ከዚያ በኋላ የነፍስ አባቴም መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ።

ለምን ላልከኝ፣ ካላልክ ከእኔ የዝምታ ቃል አትጠብቅ ብዬህ ነበር፤ ሁለቴ አስነብቤዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም። ደስም አላለኝም። እድሩ ውስጥ ዳኜ የልጁን ሠርግ በአፉ በላ ይላሉ፤ ይበሉ። በእኔ በር ሳይፈተሽ የወጣ ዕቃ የለም፣ የልጄም ቢሆን።

ሁለተኛው ጥያቄህ ሄመን ምን ትላለች ነው። ይኸው ፊት ለፊቴ ናት፣ ጠየቅኳት። ዘበኛ መሆንህን ያወቀችው ከመጀመሪያው ወር ነው። ቢሮዋ ከበርህ ማዶ መሆኑን ረስተኸው ነው ወይስ ዓይን የላትም ብለህ? መቀርቀሪያውን ስትስብ ስታይህ «ልጆቹን እያሳየኋቸው ነው» ትላት ነበር አሉ። እሷም እሺ ትልህ ነበር። ዝናብ የጣለ ቀን የዘበኛ ካፖርትህን አውልቀህ አልብሰሃት ታክሲ ድረስ ሸኝተሃታል፤ የወደደችህ ያን ዕለት ነው። ደረትህ ላይ የተለጠፈውን አንድ ቀን ጨርሳ አንብባው አታውቅም። ረጅም ነው አለችኝ። ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ አለች።

እኔ ያን ዕለት ዘበኛ ነው ብዬ ባቆም ታገቢው ነበር ወይ አልኳት። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። «አገባው ነበር» አለችኝ። ጻፊው አልኳት። ጻፈችው። አሁንስ አልኳት። ራሷን ወዘወዘች። ይህንንም ጻፊ አልኳት።

ለእሱ የራስሽ ቃል ካለሽ ከዚህ በታች ጨምሪበት፣ እኔ ማንበብ አልችልም፣ አልሰማሽም አልኳት። የምጨምረው የለኝም አለች። እሱንም ጻፊው አልኳት።

በይ ልጄ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።